ከጥሩሩ በፊት መደላድሉ፦ በቤት ውስጥ ለሚሠራ የሳይንሳዊ ልቦለድ ጥሩር የጨርቅ የሥር ልብስ አሠራር በዋግ ኽምራ ደጋ

አኅጽሮት

በቤት ውስጥ የሚሠራ የሳይንሳዊ ልቦለድ ጥሩር ሲታሰብ ትኩረቱ ሁሉ በውጭ ወደሚታየው ጠንካራ ቅርፊት ያዘነብላል፤ ከሥሩ የሚለበሰው ጨርቅ ግን ገላ መሸፈኛ ብቻ ተደርጎ ስለሚቆጠር በመጨረሻ ይታሰባል። ይህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ እንዳለበት ያስረዳል። የሥር ልብሱ ሦስት ሥራዎች አሉት፤ ሸክምን ከትከሻ ወደ ዳሌ ያወርዳል፣ ላብ እንዲተን መንገድ ይከፍታል፣ በመታጠፊያዎች ላይ እንቅስቃሴን ይፈቅዳል። ጽሑፉ እነዚህን ሥራዎች በቀላል ስሌት ካሳየ በኋላ፣ በዐምደ ወርቅና በአካባቢው በሚገኙ ጨርቆች፣ ሱፍና ቆዳ የሥር ልብሱ የሚሠራበትን ሥርዓትና የሚፈተሽበትን ዘዴ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ጥሩር፣ መደላድል፣ ሸማ፣ ድግ፣ የመድረክ አልባሳት፣ ዋግ ኽምራ

1. መግቢያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰቆጣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚሸጥባት ታዋቂ ገበያ ነበረች። ጨው በእንስሳ ጀርባ ተጭኖ ዳገቱን ሲወጣ የእንስሳውን ጤና የሚወስነው የጭነቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ በጭነቱና በጀርባው መካከል የሚገባው መደላድልም ጭምር ነው። መደላድሉ ከሳሳ ወይም በአንድ ቦታ ከተቋጠረ ጀርባው ይገጠባል፤ የተገጠበ እንስሳ ደግሞ ቀላል ጭነት እንኳ አይችልም። ጭነት የሚያውቅ ሰው ከሸክሙ በፊት መደላድሉን የሚዳስሰው ስለዚህ ነው።

ጥሩር ለባሽ የሆነ ተዋናይም በተመሳሳይ ሕግ ይገዛል። ጥሩር የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የጎልያድን የጦር ልብስ ለመግለጽ የገባ ቃል ነው። የሳይንሳዊ ልቦለድ ጥሩር ግን ከብረት ይልቅ ከስፖንጅ፣ ከፕላስቲክ፣ አልፎ አልፎም ከላሜራ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚለበሰውም ለጦርነት ሳይሆን ለመድረክ፣ ለፊልም ወይም ለትዕይንት ነው። ሰይፍ አያገኘውም፤ ፀሐይ፣ ላብና ረጅም የቀረጻ ሰዓት ግን ያገኙታል።

የዚህ ዓይነት ሥራ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ለዕይታ የበቃው፣ ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀውና ዳንኤል ታደሰ በመሪ ተዋናይነት የተሳተፈበት «ክራምብስ» የተሰኘው ፊልም፣ የአገሪቱ መልክዓ ምድር ለሳይንሳዊ ልቦለድ ሥራ ምን ያህል እንደሚመች አሳይቷል። ዐምደ ወርቅ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የድሃና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጠዋትና ማታ የሚበርድበት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የምትበረታበት የዚህ ደጋ አየር ለካሜራ ያማረ ቢሆንም፣ ጥሩር ለለበሰ ሰው ግን አስቸጋሪ ነው። በአካባቢው ያለ የተማሪዎች የድራማ ክበብ ወይም ጀማሪ ፊልም ሠሪ ጥሩር ለመሥራት ቢያስብ በቅድሚያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «ጥሩሩ ምን ይመስላል?» የሚለው አይደለም፤ «ለባሹ ሳይገጠብና ሳይታፈን ምን ያህል ጊዜ ይቆማል?» የሚለው ነው።

2. ከቀደመው ልምድ የሚገኝ ትምህርት

በደጋው የኖረው የጦር ሰው አለባበስ በራሱ የድርብርብ ሥርዓት ነበር። በዐድዋ ጦርነት (1888 ዓ.ም.) የዋግንና የላስታን ጦር የመሩት ዋግሹም ጓንጉል በነበሩበት ዘመን፣ ከውስጥ እጀ ጠባብና ተነፋነፍ ሱሪ ይለበሳል፤ ወገብ ላይ ረጅም ድግ ተደጋግሞ ይጠመጠማል፤ ከላይ እንደ ማዕረጉ ለምድ ወይም ካባ ይደረባል። ጥይት የተሞላው ዝናር የሚያርፈው በዚሁ በተጠቀለለው ወገብ ላይ ነው። ድግ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ሰፊ ሆኖ ዳሌ ላይ የሚያርፍ ጨርቅ የታጠቁትን ነገር ክብደት አንድ ቦታ ላይ እንዳይቆርጥ ዙሪያውን ያከፋፍለዋል።

በሌላው ዓለምም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ወታደሮች ከብረት ጥሩራቸው ሥር በጥጥ ወይም በተልባ እግር ጨርቅ ተሞልቶ በቁም መስመር የተሰፋ ወፍራም ልብስ ይለብሱ ነበር። ከእነዚህ ልብሶች የአንደኛው ስም «አክቶን» ሲሆን፣ መነሻውም ጥጥ ማለት የሆነው «አል ቁጥን» የሚለው የዓረብኛ ቃል ነው። በሱዳንና በቦርኑ ፈረሰኞች ዘንድ ደግሞ ተሞልቶ የተሰፋው ጨርቅ ራሱ ጥሩር ሆኖ ሰውንም ፈረስንም አልብሷል።

ከሁሉ የበለጠ አስተማሪው ግን የጠፈር ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃን የረገጡት ሰዎች የለበሱት የአፖሎ ልብስ 21 ያህል ድርብርብ የነበረው ሲሆን፣ የተሰፋውም ኢንተርናሽናል ላቴክስ ኮርፖሬሽን በተባለው፣ ቀድሞ የሴቶች የውስጥ ልብስ በማምረት ይታወቅ በነበረ ድርጅት ነው። የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጡት ሴቶች የውስጥ ልብስ የሰፉ እጆች ያሏቸው ነበሩ። ከገላ ቀጥሎ የሚለበሰው ክፍልም ቀዝቃዛ ውኃ የሚዘዋወርባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች የተሰኩበት ጨርቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ናሳ በሠራው የጠፈር መንኮራኩር ዘመን ልብስ የእነዚህ ቱቦዎች ርዝመት ወደ 90 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ሳይንሳዊ ልቦለድ በጠንካራ ቅርፊት የሚያስበው ነገር በእውነተኛው ሳይንስ ዘንድ በዋናነት የስፌት ሥራ ነው።

በፊልሙ ዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ስታር ዎርስ» የጨርቁን ሌላ ጥቅም አሳይቷል። አልባሳቱን ነድፎ የኦስካር ሽልማት ያገኘው ጆን ሞሎ የነጭ ጥሩር ለባሾቹን ገላ በጥቁር የሥር ልብስ ሸፍኖታል። በነጫጭ ክፍሎቹ መካከል ያለው ክፍተት በጥቁር ሲሞላ ዓይን ክፍተቱን እንደ ጥላ ያነበዋል፤ የተቆራረጠው ፕላስቲክም አንድ ወጥ ማሽን መስሎ ይታያል። ጨርቁ ባይኖር ክርንና ብብት የሰው ገላ መሆናቸውን ወዲያው ያጋልጣሉ።

ከእነዚህ ልምዶች ሁሉ መወሰድ ያለበትና መወሰድ የሌለበት አለ። የጥንቱ ወፍራም የጥጥ ልብስ ዋና ሥራው ምት መቀበል ስለነበረ ገላን በሙሉ ይሸፍን ነበር። ምት የማያገኘው የመድረክ ጥሩር ይህን ሲኮርጅ ለባሹን ያለ ጥቅም በጋቢ ላይ ጋቢ እንደማልበስ ይሆንበታል። የሚፈለገው ሸክም በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ወፍራም፣ በሌላው ሁሉ ስስ የሆነ ልብስ ነው።

3. የሥር ልብሱ ሦስት ሥራዎች

3.1 ሸክምን ማውረድ

ደረትን፣ ጀርባን፣ ትከሻን፣ ክንድንና ጭንን የሚሸፍን ጥሩር 1.2 ካሬ ሜትር ስፋት አለው እንበል። በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ጠንካራ ስፖንጅ በ10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢሠራ ክብደቱ 1.2 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከተቆራረጠ የጀሪካን ፕላስቲክ በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢሠራ 2.3 ኪሎ ግራም፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሠራ ደግሞ 9.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ላሜራ ለመድረክ የማይመከርበት ምክንያት ከዚህ ስሌት ብቻ ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ ለባሹን የሚጎዳው ጠቅላላ ክብደቱ ሳይሆን ክብደቱ የሚያርፍበት ስፋት ነው። 2.3 ኪሎ ግራም የሚመዝነው የፕላስቲክ ጥሩር በሁለት ቀጫጭን ማንገቻዎች ተንጠልጥሎ በ60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 38 ግራም ይጫናል። ይኸው ክብደት በመደላድልና በድግ አማካይነት በ400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢዘረጋ ወደ 6 ግራም ይወርዳል። ክብደቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከሥሩ ያለው ጨርቅ ነው።

3.2 ላብን ማትነን

በመጠነኛ ፍጥነት የሚራመድ አዋቂ ሰው ከ200 እስከ 300 ዋት ሙቀት ያመነጫል። ጠንካራው ቅርፊት ነፋስ ስለሚከለክል ይህ ሙቀት የሚወጣበት ዋናው መንገድ የላብ ትነት ይሆናል። ከፍታው ነገሩን ያጠናክረዋል፤ በ2000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ ስስ አየር በንክኪ ከገላ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል፤ ለትነት ግን ይመቻል።

አንድ ኪሎ ግራም ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ሙቀት ይወስዳል። በዚህ ስሌት 250 ዋት ሙቀት በትነት ብቻ እንዲወጣ በሰዓት 370 ግራም ያህል ላብ መትነን አለበት። ጥጥ በመደበኛ የላቦራቶሪ ሁኔታ (20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና 65 በመቶ እርጥበት) ከደረቅ ክብደቱ 8.5 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ሱፍ 16 በመቶ ገደማ፣ ፖሊስተር 0.4 በመቶ ብቻ ይይዛሉ። 600 ግራም የሚመዝን የጥጥ የሥር ልብስ ፍጹም ደርቆ ቢነሣ እንኳ በዚህ መጠን የሚይዘው 51 ግራም ነው፤ ይህም የ8 ደቂቃ ላብ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጨርቁ እየረጠበ ይሄዳል። የረጠበ ጥጥ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርድ ይጠራል፤ ውኃ ካልተንቀሳቀሰ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋልና።

ከዚህ የሚገኘው ድምዳሜ ላብ ይመጣል ተብሎ ወፍራም ጨርቅ መደረብ መፍትሔ አለመሆኑ ነው። በጨርቁና በቅርፊቱ መካከል አየር ከታች ገብቶ ከላይ የሚወጣበት ቦይ መኖር አለበት። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በወገብና በአንገት በኩል ክፍት የሆኑ የቁም ቦዮች ያለ ማራገቢያ እንደ ጭስ መውጫ ያገለግላሉ።

3.3 እንቅስቃሴን መፍቀድ

ጉልበት ሲታጠፍ ከላዩ ያለው ቆዳ ከ35 እስከ 45 በመቶ ያህል ይለጠጣል። በድርና ማግ የተሸመነ ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ይህን ያህል አይለጠጥም። ጨርቁ ካልተለጠጠ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይሆናል፦ ስፌቱ ይተረተራል፣ ልብሱ ወደ ላይ እየተሳበ ጥሩሩን ያዛባል፣ ወይም ለባሹ እጁን ማንሣት ይተዋል። ተዋናይ እጁን ማንሣት ሲተው አልባሱ ትወናውን በላው ማለት ነው።

4. ቁሳቁስ

ከላይ የተዘረዘሩትን ሥራዎች አንድ ጨርቅ ብቻውን አይወጣቸውም። ስለዚህ የሥር ልብሱ በሦስት ክፍል ይከፈላል።

የመጀመሪያው ገላን የሚነካው ስስ ድርብ ነው። ለዚህ ከሰልባጅ ገበያ የሚገኝ የስፖርት ታይትና ሹራብ ወይም ስስ ሸማ ይሆናል። ፖሊስተር ያለበት ታይት ይለጠጣል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ሸማ ደግሞ ቆዳ ላይ ይለሰልሳል፣ አየርም ያሳልፋል። እኩለ ቀን ላይ ለሚደረግ ረጅም እንቅስቃሴ ታይቱ፣ አጭርና እርጋታ ላለበት ትዕይንት ሸማው ይመረጣል። በታይት ላይ ግን ጥሩር ማንጠልጠል አይገባም፤ የሚለጠጥ ነገር ሸክም አይችልም።

ሁለተኛው ሸክም የሚችለው ጥብቆ ነው። እጅጌ የሌለው፣ ከትከሻ እስከ ዳሌ የሚደርስ ልብስ ሆኖ ከጠንካራ የጥጥ ጨርቅ በድርብ ይሰፋል። ለውጩ ካኪ፣ ለገበሩ አቡጀዲ ወይም ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነ ሸማ ይስማማል። መደላድል ለሚገባባቸው ቦታዎች የተባዘተ ጥጥ ወይም የታጠበ የበግ ሱፍ ይሞላል። ሱፍ ተጭኖ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ይመለሳል፤ ጥጥ ግን እየተጠቀጠቀ ይሄዳል። ስለዚህ ትከሻና ዳሌ ላይ ሱፍ ይሻላል። የሰቆጣ በግ በሚባለው ባለ አጭር ላት የደጋ በግ አካባቢ ሱፉን ማግኘት አያስቸግርም።

ሦስተኛው በመታጠፊያዎች ላይ የሚታየው ጥቁር ክፍል ነው። በክርን፣ በብብት፣ በጉልበትና በአንገት በጥሩሩ ክፍሎች መካከል የሚታየው ጨርቅ ጥቁር መሆን አለበት፤ ሙሉ ልብሱን ጥቁር ማድረግ ግን በደጋው ፀሐይ ሙቀት መሰብሰብ ነው። ከቅርፊቱ ሥር የሚውለው ጨርቅ ያልተነከረ ነጭ፣ በክፍተቱ የሚታየው ቁራጭ ብቻ ጥቁር ይሁን። ለዚህም በርኖስ የሚሠራበት ዓይነት በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ የሱፍ ጨርቅ ሁለት ጥቅም አለው። ቀለም አያስፈልገውም፤ የሱፍ ጭረትም ሳይበጠስ ከ25 እስከ 35 በመቶ ያህል ሲለጠጥ የጥጥ ጭረት ግን ከ10 በመቶ በታች ነው። ሱፉ እንዳይኮሰኩስ በስስ ሸማ ይገበራል።

ለማሰሪያ በሰም የተሸ የጥጥ ክርና ከፍየል ቆዳ የተቆረጠ ጠፍር ያስፈልጋል። አበርገሌ ፍየልና ማር ባሉበት አገር ሁለቱም የቅርብ ዕቃዎች ናቸው። ሰም ክሩን ከላብ ይጠብቀዋል፤ ቋጠሮውም እንዳይፈታ ይይዘዋል።

5. አሠራር

ማጠብ። ሸማና አቡጀዲ መጀመሪያ ሲታጠቡ ይኮማተራሉ። ስለዚህ ከመቅደድ በፊት 50 ሴንቲ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ተለክቶ፣ ታጥቦና ደርቆ እንደገና ይለካል። በድሩ አቅጣጫ 47 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከተገኘ ጨርቁ በዚያ አቅጣጫ 6 በመቶ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ሁሉ ታጥቦ ይቀደዳል።

ልክ መውሰድ። ልክ በሦስት ሁኔታ ይወሰዳል፤ ለባሹ ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ። የደረት፣ የወገብና የዳሌ ዙሪያ፣ ከማጅራት እስከ ወገብ ያለው ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው ርዝመት እጅ ተዘርግቶም ታጥፎም ይመዘገባል። በቆመበትና በታጠፈበት ልክ መካከል ያለው ልዩነት ጨርቁ በዚያ ቦታ ምን ያህል ተጨማሪ እንደሚፈልግ ይናገራል።

ውፍረትን መደመር። በዙሪያ የሚገባ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የደረትን ዙሪያ በ6.3 ሴንቲ ሜትር ያሳድገዋል፤ ይህም ሁለት ጊዜ 3.14 ነው። የደረት ዙሪያው 92 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 6 ሴንቲ ሜትር መተንፈሻና 6.3 ሴንቲ ሜትር የውፍረት ጭማሪ ተደምሮ የጥብቆው የውጭ ዙሪያ 104 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጥሩሩ አስቀድሞ በ92 ሴንቲ ሜትር ተሠርቶ ከሆነ አይገጥምም፤ ከሥሩ ጨርቅ ሲገባ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ደረትን ያፍናል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥሩር የሚለካው በራቁት ገላ ላይ ሳይሆን በመደላድሉ ላይ ነው።

መቅደድ። የጥብቆው ፊትና ጀርባ ለእያንዳንዳቸው 52 ሴንቲ ሜትርና የስፌት ትርፍ ስለሚፈልጉ፣ ስፋቱ ከአንድ ሜትር በታች በሆነው የሸማኔ ጨርቅ ላይ ያለ ቅጥያ ይወጣሉ። ድሩ ከትከሻ ወደ ዳሌ ቁልቁል መውረድ አለበት፤ ሸክሙ በዚያው አቅጣጫ ስለሚስብ ነው። በክርንና በጉልበት የሚገባው ጨርቅ ግን በ45 ዲግሪ በሰያፍ ይቀደዳል፤ በሰያፍ የተቀደደ ሽምን ጨርቅ ድርና ማጉ እርስ በርስ እየተጠማዘዘ ስለሚለጠጥ እንደ ላስቲክ ያገለግላል። ከብብት ሥር አራት ማዕዘን ጣልቃ ቁራጭ በማዕዘኑ ቆሞ ይገባል፤ እጅ ሲነሣ ይከፈታል፣ ሲወርድ ይታጠፋል። መጀመሪያ በርካሽ አቡጀዲ የሙከራ ስፌት ተሰፍቶ ይለበስ፤ ስሕተቱም በእርሱ ላይ ይታረም።

ቦይና መደላድል። የጥብቆው ውጭና ገበር ከተጋጠሙ በኋላ ከላይ ወደ ታች በየ4 ሴንቲ ሜትሩ በቁም መስመር ይሰፋል። ከሚገኙት ጠባብ ኪሶች አንዱ ሱፍ ይሞላል፣ ቀጣዩ ባዶ ይቀራል። የተሞሉት ቅርፊቱን ከገላ ያርቁታል፤ ባዶዎቹ የአየር መንገድ ይሆናሉ። የትከሻና የዳሌ መደላድል ብቻ ያለ ባዶ ቦታ ይሞላል። መሙያው ለእጥበት እንዲወጣ የኪሶቹ ጫፍ በእጅ ስፌት ይዘጋል እንጂ በመኪና አይዘጋም።

ድግ። ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድርብ ድግ በጥብቆው ጀርባ ላይ ተሰፍቶ በዳሌ አጥንት ላይ ሁለት ጊዜ ይጠመጠማል። የጭንና የወገብ ጥሩሮች የሚንጠለጠሉት ከድጉ ነው። የደረቱና የጀርባው ጥሩር ደግሞ ከትከሻ ቢያያዙም የታችኛው ጠርዛቸው በድጉ ላይ ማረፍ አለበት። ድጉ በደንብ መያዙ የሚታወቀው የትከሻው ማንገቻ ለአፍታ ሲላላ ጥሩሩ ቁልቁል ሳይወርድ ሲቀር ነው።

ማሰሪያ። እያንዳንዱ የጥሩር ክፍል ቢያንስ በሦስት ነጥብ ይያዛል፤ ሁለቱ ከላይ ጠበቅ ብለው ሸክም ይችላሉ፣ ሦስተኛው ከታች ላላ ብሎ መወዛወዝን ብቻ ይገታል። ማሰሪያው ከውጩ ጨርቅ ጋር ብቻ ሳይሆን ከገበሩም ጋር አብሮ መሰፋት አለበት፤ አለዚያ ክብደቱ ጨርቁን ይቀደዋል። የደረቱ ማሰሪያ ሌላ ሰው ከውጭ በአንድ ስበት ሊፈታው የሚችል ቋጠሮ ይሁን። ለባሹ ቢያዞረው ወይም ቢደክም ጥሩሩ ወዲያው መውለቅ አለበትና፣ ይህ ሥርዓት ለውበት ተብሎ አይታለፍም።

የጥሩሩ ቅርፊት የሚቆረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለባሹ የሥር ልብሱን እንደለበሰ ወረቀት ወይም ካርቶን በላዩ ላይ እየተለካ የእያንዳንዱ ክፍል ቅርጽ ይወጣል።

6. ፍተሻ

የሥር ልብሱ ለእይታ ሳይቀርብ በሦስት መንገድ ይፈተሻል፤ ለሦስቱም ሚዛን፣ ሜትርና ሰዓት ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የገጣባ ፍተሻ ነው። ለባሹ ሙሉ ጥሩር ለብሶ ለግማሽ ሰዓት ይራመዳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሣል። ከወለቀ በኋላ ቆዳው ይታያል። የቀላ ምልክት ካረፈ ከሩብ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ፣ በዚያ ቦታ መደላድሉ ሳስቷል ወይም ስፌቱ ተቋጥሯል ማለት ነው። እርማቱ የሚደረገው በጨርቁ ላይ እንጂ በቅርፊቱ ላይ አይደለም።

ሁለተኛው የትነት ፍተሻ ነው። ለባሹና ደረቁ የሥር ልብስ ከመልበስ በፊት ለየብቻ ይመዘናሉ፤ ከልምምዱ በኋላም፣ በመካከል ሳይበላ፣ ሳይጠጣና ሳይሸና፣ ላቡን አብሶ እንደገና ለየብቻ ይመዘናሉ። ለማሳያ ያህል ሰውየው 300 ግራም ቢቀንስና ልብሱ 90 ግራም ቢጨምር፣ 210 ግራም ላብ ተንኗል ማለት ነው፤ የትነቱ ድርሻም 70 በመቶ ይሆናል። የልምምዱ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ሳይበልጥ ለባሹ ውኃ ይሰጠዋል። ባዶ ቦዮች ያሉትንና ሁሉም ኪሶች የተሞሉትን ሁለት ጥብቆዎች በአንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ እየለበሱ ማነጻጸር የቦዩን ጥቅም በቁጥር ያወጣዋል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህ በአነስተኛ ወጪ ሊደገም የሚችል ሙከራ ነው።

ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ፍተሻ ነው። ለባሹ ያለ ጥሩር፣ በሥር ልብሱ ብቻ፣ ከዚያም ከነጥሩሩ እጁን እስከሚችለው ያነሣል፤ ጣቱ የደረሰበት ከፍታ ግድግዳ ላይ ምልክት ይደረግበታል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት የጨርቁ ጥፋት ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው የቅርፊቱ። ጥፋቱን እንዲህ መለየት ሰፊውና ቅርፊት ሠሪው እርስ በርስ እንዳይካሰሱ ይረዳል።

ከእያንዳንዱ አለባበስ በኋላ መሙያው ይወጣል፤ ጨርቁ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። ለነጩ ሸማ እንዶድ የቆየ ማጠቢያ ነው፤ ዓይን ስለሚያቃጥል ግን በብዙ ውኃ መለቅለቅ አለበት። ሱፉ በሙቅ ውኃ ከታሸ ተጠቅጥቆ ስለሚደርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይነከራል፤ ጥላ ላይም ይሰጣል።

7. መደምደሚያ

የሥር ልብስ የማይታይ ሥራ ነው። ተመልካች የሚያደንቀው ቅርፊቱን ነው፤ ጥሩሩን ግን ለአንድ ሙሉ ቀረጻ የሚያቆመው ከሥሩ ያለው ድርና ማግ ነው። የማይታይ ሥራ የሚሠሩ እጆችም በአገሪቱ ታሪክ ክብር ሲነፈጋቸው ቆይቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሸማኔንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው መስደብን የከለከሉት ስድቡ የተለመደ ስለነበረ ነው። በአልባሳት ሥራ በጀት ሲያዝ ለቅርፊቱ ገንዘብ ተመድቦ ለሸማኔውና ለልብስ ሰፊው የተረፈው ሲሰጥ፣ የቀድሞው ንቀት በሌላ መልኩ ይቀጥላል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ጀርባው የሚገጠበው ተዋናይ ነው።

ስለዚህ በዐምደ ወርቅም ሆነ በሌላ ቦታ ጥሩር ሊሠራ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ወደ ሸማኔና ወደ ልብስ ሰፊ መሄድ አለበት። ልክ በጨርቁ ይጀመር፤ ክብደት ወደ ዳሌ ይውረድ፤ ለላብ መንገድ ይከፈት፤ መታጠፊያው በሰያፍ ይቀደድ። ስፖንጁንና ጀሪካኑን መቁረጥ ከዚያ በኋላ ቀላል ይሆናል፤ የሚያርፉበት መደላድል አስቀድሞ ተዘጋጅቷልና።